«አራት ላይ አትርገጥ»፦ የላቲን ዳንስ ጥያቄና መልስ

ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ሳልሳ የማን ነው? አንዱ የኩባ ነው ይላል፣ ሌላው የፖርቶ ሪኮ።

መ፦ አጥንቱ የኩባ ነው። በምሥራቅ ኩባ የስፔን ጊታርና ዜማ ከአፍሪካ ከበሮ ጋር ተገናኝተው ሶን የተባለው ሙዚቃ ተወለደ። ሶን ሃቫና ገብቶ ደመቀ፤ በኋላም ማምቦ ከተባለው ሌላ የኩባ ዳንስ ጋር ኒውዮርክ ደረሰ። እዚያ ያሳደጉት በተለይ የፖርቶ ሪኮ ስደተኞች ልጆች ናቸው። በ1964 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጁ ሙዚቀኛ ጆኒ ፓቼኮና ጠበቃው ጄሪ ማሱቺ ፋኒያ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋሙ፤ «ሳልሳ» የሚለው ስምም በ1970ዎቹ በገበያው ናኘ። ቃሉ በስፓኒሽ ስጎ ማለት ነው። ስሙን የሰጠው ገበያው እንጂ ደናሹ ስላልሆነ ኩባዎች እስከ ዛሬ ያኮርፉበታል፤ አልፈርድባቸውም።

ጥ፦ ኦን ዋን፣ ኦን ቱና የኩባው የሚባሉት የሳልሳ አደናነሶች ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከየትኛው ልጀምር?

መ፦ በሁሉም ስምንት ቆጠራ፣ ስድስት እርምጃ ነው፦ 1-2-3፣ 5-6-7። በተለመደው አቆጣጠር 4 እና 8 ላይ አይረገጥም። የሚለያዩት አቅጣጫ በሚቀየርበት ምት ነው። በኦን ዋን መሪው 1 ላይ በግራ ወደፊት፣ 5 ላይ በቀኝ ወደኋላ ይሄዳል፤ ሎስ አንጀለስ ያስፋፋችው ይህን ነው። በኦን ቱ አቅጣጫው 2 እና 6 ላይ ይቀየራል። ኒውዮርክ ውስጥ ይህን በማስተማር የሚታወቀው ኤዲ ቶሬስ ነው።

በሁለቱም ተከታይዋ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ትመላለሳለች። የኩባው ካሲኖ ግን ክብ ነው፤ ጥንዶቹ አንዱ ሌላውን እየዞሩ ይደንሳሉ። ስሙ ሃቫና ከነበረ ካሲኖ ዴፖርቲቮ ከተባለ ክለብ የመጣ ነው። ብዙ ጥንድ ክብ ሠርቶ በአንድ ጠሪ ትእዛዝ አጋር እየተቀያየረ ሲደንስ ሩዌዳ ይባላል።

በምትደንስበት ቦታ የተለመደውን ጀምር። ሁሉም ካለ ኦን ዋን ለጀማሪ ይቀላል። ሁለት ዓይነት በአንድ ወር መቀላቀል ግን ሁለቱንም ያበላሻል።

ጥ፦ አስተማሪው ሲቆጥር እደንሳለሁ፣ ዝም ሲል አንድ የቱ እንደሆነ ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?

መ፦ አብዛኛው ሰው ቤዙን ይጠብቃል፤ ስህተቱ እዚህ ነው። የሳልሳ ቤዝ ብዙ ጊዜ 1 ላይ ዝም ብሎ 4 ላይ ቀድሞ ይመታል፤ እሱን የተከተለ እግር ይጣደፋል። የእኛ ጆሮ ደግሞ በችክችካ ስላደገ ምትን በሦስት በሦስት መቧደን ይቀናዋል፤ ሳልሳ ግን በአራት ነው።

ኮንጋውን፣ በእጅ የሚመታውን ረጅም ከበሮ፣ ስማ። 2 ላይ «ጧ» የሚል ደረቅ ጥፊ አለ (ኦን ቱ ደናሾች የሚወዱት እሱን ነው)፤ 4 ላይና ከ4 ግማሽ በኋላ ደግሞ «ዱም-ዱም» ይላል። እግርህ የማይረግጥበትን ምት ከበሮው ሞላልህ ማለት ነው። ከ«ዱም-ዱም» ቀጥሎ ያለው ምት 1 ወይም 5 ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ዜማው ነው፤ አዲስ ሐረግ በብዛት ከ1 ዙሪያ ይነሳል። ዘፈኑ ሞቆ ተቀባዮቹ ሲገቡ የሚሰማው የቦንጎ (የትንንሽ ጥንድ ከበሮ) ተጫዋቹ ደወል በ1፣ 3፣ 5፣ 7 ላይ ጎላ ብሎ ይመታል፤ ያኔ ለማንም ግልጽ ነው።

ልምምዱ፦ ቀስ ያለ ዘፈን ምረጥ፣ ተቀመጥ፣ 1 እና 5 ላይ ብቻ አጨብጭብ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። እግር የሚገባው ጆሮ ከለመደ በኋላ ነው።

ጥ፦ ባቻታ ላይ 5 ስደርስ እግሬ ይጋጫል፤ ዳሌዬም ድርቅ ያለ ነው።

መ፦ ሁለቱም ችግር ከ4 ነው የሚመጣው። ባቻታ የሚባለው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዳንስ ወደ ጎን ሦስት እርምጃና አንድ ንክኪ ነው፦ 1-2-3-ንካ፣ 5-6-7-ንካ። 4 ላይ ክብደትሽን ካሳረፍሽበት ለ5 የሚያስፈልግሽ እግር ታሰረ፤ ስለዚህ ይጋጫል። ጣትሽ ወለሉን ይንካ፣ ክብደትሽ ግን በቆመው እግር ላይ ይቆይ። ዳሌን መወርወር አያስፈልግም፤ አንዱ ጉልበት ሲታጠፍ ሌላው ሲዘረጋ ዳሌ ራሱ ይነሳል። እርምጃሽም ከጫማሽ ርዝመት አይብለጥ።

ወደ ጎን መመላለሱ በዳንስ ስቱዲዮ የቀለለ ነው፤ የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ የቀደመ መልክ ሳጥን ሠርቶ መርገጥ ነው። ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን የመጀመሪያዎቹን ባቻታዎች የቀዳው በ1962፣ አምባገነኑ ትሩሂዮ በተገደለ በዓመቱ ነው። ለአሥርት ዓመታት የድሃ መጠጥ ቤት ሙዚቃ ተብሎ ሲናቅ ኖሮ በ2019 ዩኔስኮ መዘገበው። ሰውነት እንደ ማዕበል የሚንቀሳቀስበት «ሴንሱዋል» የሚባለው ደግሞ ከስፔን፣ ከካዲዝ የመጣ ነው።

ጥ፦ ለሠርግ በአንድ ምሽት የሚለመድ አለ?

መ፦ ሜሬንጌ። በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ፣ ግራ-ቀኝ፤ 4ም ይረገጣል። ቀሪው እጅ ማዞር ነው።

ጥ፦ ውድድር ላይ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ እንዴት «ላቲን» ሆኑ?

መ፦ የውድድሩ አምስት ዳንሶች ሳምባ፣ ቻቻቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ ናቸው። ፓሶ ዶብሌ መነሻው የስፔን የበሬ ትግል ሰልፍ ነው፣ ጃይቭ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። የመድረኩ ሩምባም በሃቫናና በማታንሳስ በከበሮ ከሚጨፈረው፣ ጓጓንኮ ከተባለው የኩባ ሩምባ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ቻቻቻ ግን በእውነት ኩባዊ ነው፤ ኤንሪኬ ሆሪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃቫና ውስጥ አወጣው። እዚህ 4 አይታለፍም፣ ለሁለት ይከፈላል፦ 2፣ 3፣ «4-ና-1»።

ጥ፦ ስዞር ጉልበቴን ያመኛል። ጫማ ነው?

መ፦ ብዙ ጊዜ አዎ። የስፖርት ጫማ ጎማ ወለሉን ይነክሳል፤ እግርህ ቆሞ ሰውነትህ ሲዞር መጠምዘዙ ጉልበት ላይ ያርፋል። ሶሉ ሻካራ ቆዳ የሆነ የዳንስ ጫማ ውሰድ፤ በአስፋልትና በእርጥብ ቦታ አትርገጥበት፣ ሲለሰልስ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። ስትዞርም ተረከዝህን ትንሽ አንስተህ በፊተኛው የእግርህ መዳፍ ላይ ዙር። ይህን አድርገህም ሕመሙ ካልተወህ ሐኪም ይየው።