ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት ይበሳል?

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ከተበላሹ ሃርድ ዲስኮች ያወጣኋቸውን ማግኔቶች በስቼ ግድግዳ ላይ በማሰር የፒንሳና የካቻቪቴ መያዣ ላደርጋቸው አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን በድሪል ስበሳው ብልጭታ አውጥቶ ተሰባበረ። ከትልልቅ ስፒከሮች የሚወጣው ጥቁር ቀለበትስ ዓይነቱ ያው ነው? ቤቴ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ ስላለ ስለ ጥንቃቄውም ብታብራሩልኝ።
(ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለተኛውን አይብሱት። ከሃርድ ዲስክ የሚወጣው ብርማ ማግኔት የኒዮዲሚየም፣ የብረትና የቦሮን ውህድ ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ ታምቆና በከፍተኛ ሙቀት ተጋግሮ የሚሠራ በመሆኑ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ብናኙ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ያዩት ብልጭታም ከዚሁ የመጣ ነው። ላዩ ላይ የተለበጠው ስስ ኒኬል ከተላጠ ደግሞ ውስጡ እርጥበት አግኝቶ ይዝጋል፣ ውሎ አድሮም ይፈረፈራል። በዚህ ላይ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የሚያጣው ጉልበት ቢቀዘቅዝም አይመለስለትም።

ደግነቱ መብሳት አያስፈልግዎትም። ማግኔቱ የተለጠፈበት ወፍራም የብረት ሳህን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የብሎን ቀዳዳዎች አሉት። ብዙ ባለሙያ ሳህኑን በፒንሳ አጥፎ ማግኔቱን ለመፈልቀቅ ይታገላል፤ ትርፉ ግን ስባሪ ነው። ከነሳህኑ ቢያስሩት ብረቱ በጀርባ በኩል የሚባክነውን የማግኔት መስክ ወደ ፊት ስለሚመልሰው እንዲያውም የበለጠ ይይዝልዎታል።

የስፒከሩ ጥቁር ቀለበት ፌራይት የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። ከብረት ኦክሳይድና ከስትሮንቲየም ወይም ከባሪየም ውህድ ስለሚሠራ አይዝግም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ጉልበቱ ግን ተመሳሳይ መጠን ካለው ኒዮዲሚየም እጅግ ያንሳል። የፍሪጅ በር ጎማ ውስጥ ያለውም ይኸው ፌራይት ነው፣ ዱቄቱ ከፕላስቲክ ወይም ከጎማ ጋር ተቀላቅሎ። በጣም አሮጌ ስፒከር ሲፈቱ ግን አልኒኮ ሊያጋጥምዎት ይችላል፤ ይህ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት የሚሠራው ማግኔት 500 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ቢችልም ከብረት አቃፊው ሲወጣ፣ ወይም ብርቱ ማግኔት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጠጋው በቀላሉ ይዳከማል። ስለዚህ ካልተገደዱ አይፍቱት፣ ከኒዮዲሚየሙም ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡት። ሙቀት የሚችለውና ውድ የሆነው ሳማሪየም ኮባልት የሚባለው ሌላ የማግኔት ዓይነት ለእርስዎ ዓይነት ሥራ እምብዛም አይገጥምም።

ወደ ጥንቃቄው ስንመጣ፣ የሚያሰጋው ግዙፉ ቀለበት ሳይሆን ትንሹ ብርማው ነው። ሁለት የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ሲጠጋጉ ጉልበታቸው በድንገት ስለሚያይል ጣት ይቆነጥጣሉ፣ ተጋጭተውም ስንጣሪያቸው ወደ ዓይን ይፈናጠራል፤ መነጽር ያድርጉ። ሲያላቅቋቸውም ፊት ለፊት አይጎትቷቸው፤ አንዱን በጠረጴዛ ጠርዝ አስደግፈው ሌላውን ወደ ጎን ያንሸራትቱት፣ ሲያስቀምጧቸውም በመካከላቸው ጣውላ ያድርጉ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ደንበኛ ከመጣ ማግኔቶቹን ያርቁ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ስልክና ስማርት ሰዓት ውስጥ ላሉት ማግኔቶች እንኳ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ርቀት መክሯል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን የልጅዎ ነገር ነው። አንድ ሕፃን ሁለት ማግኔት፣ ወይም አንድ ማግኔትና አንድ ብረት ቢውጥ፣ በተለያየ የአንጀት ክፍል ሆነው ሲሳሳቡ በመካከላቸው የተያዘው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ አንጀትም ይበሳል። ምልክቱ መጀመሪያ ላይ ተራ የሆድ ቁርጠት ወይም ትውከት ስለሚመስል ብዙ ወላጅ ይዘናጋል። የሰባበሩት ማግኔት ስባሪዎች ደግሞ በትክክል በልጅ አፍ ልክ ናቸው፤ አንድ ብረት በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ወለሉን በመዳሰስ ይልቀሟቸው፣ ከረጢቱን ገልብጠው ቋጥረው ያስወግዱት። ልጁ መዋጡን ከጠረጠሩ በራሱ ይወጣል ብለው ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ራጅ አንስቶ እንዲያይና በብርቱ ማግኔት የሚሠራውን የኤምአርአይ ምርመራ እንዳያዝ የተዋጠው ማግኔት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይንገሩት።