«ለምን መለስሽው?»

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዚህ አምድ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። 37 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ የፍቅር ልቦለድ መጻፍ ነው። እስካሁን አራት አሳትሜያለሁ፤ ሁሉም በብዕር ስም ናቸው። የሂሳብ ሥራዬን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለጽሑፍ ከሰጠሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ሰው «የፍቅር ደራሲ» ሲባል ቀኑን ሙሉ በሐሳብ ስትንሳፈፍ የምትውል ይመስለዋል። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ልጄ እስኪነቃ ሁለት ገጽ ለመጨረስ እታገላለሁ። ከዚያ ምሳ ዕቃ፣ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ የሰው ጽሑፍ መተርጎም። ከመጽሐፍ ብቻ የቤት ኪራይ አይወጣማ። አከፋፋዩ መጽሐፉን ይወስድና ሲሸጥ ይከፍላል። ሲሸጥ ማለት አንዳንዴ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ቢሆንም ሥራዬን እወደዋለሁ። አንድ ቀን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ አዟሪ፣ ከክንዱ እስከ አገጩ ከደረደራቸው መጻሕፍት መሃል የኔን መዝዞ ለአንዲት ልጅ ሲሰጣት አየሁ። ሳንቲም ሳይቀር ቆጥራ ከፈለችው። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት በእግሬ ነው። ታክሲ መጠበቅ አላስቻለኝም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ታላቅ እህት አለችኝ። እታለም ነው የምላት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዛሬ 11 ዓመት እጮኛዋ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎ ዱባይ ሄደ። ሲሄድ የአገር ቤት ሲም ካርዱን እሷ ጋ ተወው። እታለም ሲሙን አንድ አሮጌ ኖኪያ ውስጥ ከተተችው። ቁጥሩ እንዳይዘጋ የ25 ብር ካርድ ትሞላበታለች። በየወሩ አንዴ ደግሞ በዚያ ስልክ ወደ ራሷ ትደውላለች። «ሲመጣ ቁጥሩ ይጠብቀው» ትል ነበር። እንዲህ እያለች ስድስት ዓመት ሄደ። ከዚያ እዚያው ማግባቱን ሰማን። ሲሙን ምን እንዳደረገችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሦስተኛው መጽሐፌ ላይ ይህን ጻፍኩት። ስሞቹን ቀየርኩ። ዱባይን ቤሩት አደረግኩት። ሲሙን ግን እንዳለ ተውኩት፤ ከሱ የተሻለ ነገር ልፈጥር አልቻልኩም። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ሰውዬው አይመለስም ነበር። አሳታሚዬ አንብቦ «ካልተገናኙ አይሸጥም» አለኝ። የመጨረሻዎቹን 20 ገጾች ቀየርኳቸው። ሰውዬው ቦሌ ሲደርስ ወደ ድሮ ቁጥሩ ይደውላል፣ ስልኩ የሴቲቱ ቦርሳ ውስጥ ይጮኻል። ከመጽሐፎቼ ሁሉ በጣም የተሸጠልኝ እሱ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ሰው ሳያስፈቅደኝ መጽሐፉን 14 ቦታ ከፋፍሎ ዩቲዩብ ላይ ተረከው። እታለም ለዘመድ ሰርግ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ፣ ቢጉዲን እየተጠቀለለላት፣ ልጆቹ ትረካውን በስልክ ከፍተው ይሰሙ ነበር። ሲሙ ጋ ሲደርስ አንዷ «ኧረ ይቺ ምን ዓይነቷ ጅል ናት!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እታለም ፀጉሯ ሳያልቅ ከፍላ ወጣች። ይህን የነገረችኝ አብራት የነበረችው የአክስታችን ልጅ ናት።

ስልኬን አታነሳም። ሁለቴ ቤቷ ሄጄ አልከፈተችልኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቺን ብቻ ጻፈችልኝ፦ «ሲሙን ጻፍሽው፣ እሺ። ለምን መለስሽው?»

አሁን አሳታሚዬ የዚያን መጽሐፍ ቁጥር ሁለት ጻፊ ይለኛል። ቅድሚያ የሚሰጠኝ ገንዘብ የስድስት ወር ኪራይ ይሆነኛል። ግማሾቹ ጓደኞቼ «ደራሲ የሚጽፈው ከሕይወት ነው፣ ምን አጠፋሽ?» ይሉኛል። ግማሾቹ ደግሞ «ድሮም ይሄን የፍቅር ምናምን ተይውና ቁም ነገር ጻፊ» ይሉኛል። ግራ ገብቶኛል፣ እትዬ። ምን ልበላት? መጻፉንስ ልቀጥል?

አክባሪዎ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣

ከእታለም መልእክት ልጀምር። ፀጉር ቤት የሰማችው ሲሙ ጋ ያለውን ነው። ሰውዬው የሚመለሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ አንቺ በቀየርሻቸው 20 ገጾች። እታለም «ለምን መለስሽው?» ለማለት እስከዚያ ድረስ መሄድ ነበረባት። ፀጉሯ ሳያልቅ የወጣችው ሴት ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች፤ ወይም መጽሐፉን ፈልጋ አንብባዋለች። ለብቻዋ። ይህን ልብ ብለሽዋል?

ስለዚህ ያስቀየማት መጻፍሽ ብቻ አይመስለኝም። ስለ ሲሙ «እሺ» ብላሻለች። ያቺ «እሺ» ብዙ ዋጋ እንዳስከፈለቻት ይሰማኛል። ያላለፈላት ሌላው ነው። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ጥሪ አንቺ መጽሐፍ ውስጥ ጮኸ። ለሌላ ሴት ጮኸ። እሷ ይህንን በትረካ ድምፅ፣ ምናልባትም ከበስተጀርባው ሙዚቃ ገብቶበት፣ ቁጭ ብላ ሰማችው።

«ደራሲ የሚጽፈው ከሕይወት ነው» የሚሉሽ ጓደኞችሽ እውነት አላቸው። ግን ያቺ ሕይወት ባለቤት አላት። ስሟንና ከተማውን ቀየርኩ ትያለሽ። ዘመድ ሰውን የሚለየው በስም አይደለም። እታለምን ለሚያውቅ ሰው ሲሙ ፎቶዋ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። አክስቴ ቡና ስትለቅም ታንጎራጉር ነበር። በልጅነቱ ስለሞተ ልጇ ነው፤ ግጥሙን ራሷ ነበር የምትፈጥረው። ወጣት ሳለሁ አንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ አስገባሁት። መጽሔት ላይ ወጣ፣ ሰው አነበበላት። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። በሚቀጥለው እሁድ ስሄድ እንደወትሮው ቡና አፈላችልኝ። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትለቅም የቡናው ኮሽታ ብቻ ይሰማ ነበር። እስካረፈችበት ቀን ድረስ እኔ ባለሁበት ዳግም አላንጎራጎረችም። ያን ግጥም የማስታውሰው ያኔ በጻፍኩት ልክ ብቻ ነው። የቀረው ከሷ ጋር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከሰው የወሰድኩትን ነገር ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለባለቤቱ አነብለታለሁ። «ይቅር» ካለኝ አወጣዋለሁ። ጽሑፉ ይጎዳል? አዎ፣ አንዳንዴ ይጎዳል። እኔ ግን ከሰፌዱ ኮሽታ ያንን እመርጣለሁ።

«ቁም ነገር ጻፊ» የሚሉሽን አትስሚያቸው። በዚህ በጣም ነው የምናደደው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው «ጦቢያ»፣ ፍቅር አለበት። በ1958 የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ሥርዓቱ ብዙ ያስተማረን በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ በኩል ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ተከትሎታል። አንዲት ልጅ ሳንቲም ቆጥራ የገዛችው መጽሐፍ ቁም ነገር ካልሆነ ምን ቁም ነገር አለ? አትቁሚ። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳትሽን ቀጥይ።

አሳታሚሽን ግን አንድ ነገር አስታውሺው። በአማርኛ ከሁሉ በላይ የምንወደው የፍቅር ታሪክ፣ ሁለቱ ጎጆ ወጥተው አብረው ያልኖሩበት ነው። «ካልተገናኙ አይሸጥም» የሚለው ሕግ አይደለም። የሱ ፍርሃት ነው። ወረቀት ውድ ነው፣ ገንዘቡን የሚያስገባው እሱ ነው፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። መጨረሻውን የምትወስኚው ግን አንቺ ነሽ።

ትረካውን በተመለከተ ዝም አትበዪ። መጀመሪያ ከአሳታሚሽ ጋር የተፈራረምሽውን ውል አውጥተሽ እዪ። ለኅትመት ብቻ ነው የሰጠሽው ወይስ ለትረካም? ለይተሽ ካልሰጠሽ መብቱ አንቺ ጋ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን ማባዛትም ሆነ ለሕዝብ ማሰራጨት ያንቺን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆያል። በብዕር ስም የመጻፍ መብትሽንም ይኸው አዋጅ ያውቅልሻል፤ ስለዚህ «ስሜ ስላልተጻፈበት» ብለሽ አትፍሪ። ለተራኪው በጽሑፍ አሳውቂው። አላወርድም ካለ ለዩቲዩብ አመልክቺ። ይህን የምልሽ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያ ትረካ እዚያ እስካለ ድረስ እታለም በገባችበት ፀጉር ቤት፣ በተሳፈረችበት ታክሲ ሁሉ ሊከፈት ይችላል። ሰርግ በመጣ ቁጥር ይህን እያሰበች መሄድ የለባትም።

ቁጥር ሁለትን በተመለከተ ገንዘቡን ገና አትቀበዪ። የስድስት ወር ኪራይ ለብቻዋ ልጅ ለምታሳድግ ሴት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እምቢ በዪ አልልሽም። «ሁለት ሳምንት ስጠኝ» በዪው። እስከዚያ እታለምን አግኚያት። እሷ «አይሆንም» ካለች ሌላ ታሪክ ይዘሽለት ሂጂ። አራት መጽሐፍ የጻፈች ሴት አምስተኛ ታሪክ አታጣም። መጽሐፉ ዳግመኛ ሊታተም ነው ሲሉሽም፣ ሲሙ ይቆይ ወይም ይውጣ የምትለውን መጀመሪያ እሷን ጠይቂ። የተሸጠውን መሰብሰብ አትችዪም። ገና ያልታተመው ግን በእጅሽ ነው።

ምን ልበላት ብለሽኛል። እውነቱን ንገሪያት። «ካልተገናኙ አይሸጥም አሉኝ፣ ኪራይ ነበረብኝ፣ ቀየርኩት» በያት። «ቢያንስ መጽሐፍ ላይ ይመለስልሽ ብዬ ነው» እንዳትያት። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ግን እውነት አይደለም፣ ያሳደገችሽ ሴት ደግሞ ውሸትሽን ገና ከአፍሽ ሳይወጣ ታውቀዋለች። ሽማግሌም አትላኪባት። የአክስታችሁ ልጅም አትግባበት። ጥያቄውን የጠየቀችው አንቺን ነው።

ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። የመጀመሪያው ረቂቅ አለሽ አይደል? ሰውዬው የማይመለስበት። እነዚያን 20 ገጾች አትመሽ ውሰጂላት። አሁንም በሩን ካልከፈተችልሽ በበሩ ሥር አስገቢላት። እዚያ ረቂቅ ላይ ሴትዮዋ ሲሙን የሆነ ነገር አድርጋዋለች፤ ጥላዋለች፣ ሰብራዋለች፣ ወይ አንድ ቦታ ደብቃዋለች። እታለምን ስላልጠየቅሻት ያንን የፈጠርሽው ከራስሽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ጠርዝ ላይ «እታለምዬ፣ የተሳሳትኩትን አርሚልኝ» ብለሽ ጻፊ። እስክሪብቶም አብረሽ አድርጊላት።