ጂፒዩ ተጨምሮ ላይብረሪው ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ላለ ፎቶ ቤት በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍኩት የምስል ላይብረሪ አለ። ብርሃን፣ ንፅፅር፣ ቀለምና ማደብዘዣ የሚሠሩትን አራት ፋንክሽኖች ወደ ኦፕንሲኤል (ኮድን በጂፒዩ ላይ ወደሚያሠራው መንገድ) ቀየርኳቸው። እያንዳንዱ ምስሉን ወደ ጂፒዩ (የምስል ፕሮሰሰሩ) ልኮ ውጤቱን ይመልሳል። ላፕቶፑ ያለው ከኢንቴል ፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ጂፒዩ ብቻ ነው፤ ፎቶዎቹ 4000 በ3000 ፒክስል ናቸው። ከበፊቱ ዘገየ፣ የፎቶው ጠርዝም ተለየብኝ። የጥር ሠርግ ሳይደርስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያዘገየዎት ምልልሱ ነው። ፒክስሉ 4 ባይት ከሆነ አንዱ ፎቶ 48 ሜጋባይት ነው። አራት ፋንክሽን ሲልክና ሲመልስ ስምንት ኮፒ፣ 384 ሜጋባይት ይሆናል። ብርሃን ማስተካከል ለአንድ ቀለም አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ነው፤ ለዚህች ሥራ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ አያዋጣም።

የፋንክሽኖቹን አጠራር አይንኩ። የምስሉ ክላስ ውስጥ ግን አዲሱ ውጤት ሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር) ጋ ይሁን ጂፒዩ ጋ የሚናገር ምልክት ይጨምሩና ኮፒ የሚደረገው ሌላው ወገን ሲጠይቅ ብቻ ይሁን። ያኔ ስምንቱ ኮፒ ሁለት ይሆናል። የእርስዎ ጂፒዩ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ ሁለቱንም ኮፒዎች ማስቀረት ይቻላል፦ ቡፈሩን (ምስሉ የሚቀመጥበትን የራም ቦታ) በ4096 ባይት ድንበር ላይ ያስጀምሩ፣ መጠኑን የ64 ባይት ብዜት ያድርጉ፣ ከዚያ በማንበቢያና በመጻፊያ ትእዛዝ ፈንታ ማፕ ያድርጉት፣ ማለትም ሲፒዩው ኮፒ ሳያደርግ በቀጥታ እንዲያየው ያድርጉ።

ብርሃን፣ ንፅፅርና ቀለም ተከታትለው ከመጡ በአንድ ከርነል (ጂፒዩው ላይ የሚሮጥ ፋንክሽን) ያዋህዷቸው። ማደብዘዣውን በአግድምና በቁም ለሁለት ይክፈሉት፤ የሚያደበዝዘው መስኮት 15 በ15 ፒክስል ከሆነ ለአንድ ፒክስል 225 የነበረው ማባዛት 30 ይሆናል። ጂፒዩው ደስ የሚለው እዚህ ነው።

ሲለኩ ሦስት ነገር ያታልላል። የመጀመሪያው ዙር ከርነሉን ኮምፓይል ስለሚያደርግ አይቁጠሩት። ለጂፒዩው የተሰጡት ትእዛዞች ወረፋ እስኪጠናቀቅ ካልጠበቁ ደግሞ የለኩት ትእዛዝ መስጠቱን ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ የለኩትም አይታመንም፤ ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጄፔጉን መክፈቻና ማስቀመጫውን ለብቻ ይለኩ። ከ10 ሰከንድ 6ቱን እሱ ከበላ፣ የቀረው ዜሮ ቢሆን እንኳ 6 ሰከንድ ይቀራል።

የጠርዙ ልዩነት ከምስሉ ውጭ ያለው ፒክስል ከሚነበብበት መንገድ ይመጣል። አንዱ ኮድ የመጨረሻውን ፒክስል ይደግማል፣ ሌላው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ የሲፒዩውም የጂፒዩውም ኮድ በአንድ መንገድ እንዲያነብ ያድርጉ። ከ255 (የአንድ ቀለም ከፍተኛው ደረጃ) በላይ የወጣውን ቁጥርም 255 ላይ የሚያቆመውን መቀየሪያ ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሊወጣ ይችላል። የአንድ ደረጃ ልዩነት ግን የማጠጋጋት ነው፣ ሁለቱን ውጤት የሚያወዳድረው ፈተና ይለፈው።

የሲፒዩውን ኮድ አይሰርዙ። ድራይቨር የሌለው ማሽን ሲገጥም ወደ እሱ ይመለሱ፤ ትንንሾቹን ፎቶዎችም እዚያው ይሥሯቸው፣ ወሰኑን በዚያው ላፕቶፕ ለክተው ይወስኑ።