ሮቸስተር ድሃ ከተማ ናት ወይስ ሀብታም?

ሰላም ጠያቂያችን፣ «ሮቸስተር ኒውዮርክ ከአሜሪካ ድሃ ከተሞች አንዷ ናት ይላሉ፤ እዚያ ያለው ዘመዴ ግን ሰፈሩ ቆንጆ ነው ይለኛል» ብለሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ዘመድህ የት ሰፈር ነው?

ከተማዋ 211 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት። ከአራት ሰው ከአንድ በላይ ከድህነት መስመር በታች ነው፤ የልጆቹ ድርሻ ደግሞ ከዚያም ይከፋል። መስመሩ ራሱ ዝቅ ያለ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ነበር። 31 ሺህ የሚያገኝ ቤተሰብ «ድሃ» ተብሎ አይቆጠርም። የቤት ኪራዩን ግን እሱ ያውቀዋል።

ድህነቱ የከበደው ከመሀል ከተማው ሰሜን ባለው፣ ጥቁሮችና ላቲኖዎች በሚበዙበት አካባቢ ነው። በመኪና ትንሽ ነዳ አድርገህ ከከተማዋ ዳር ያለችው ሀብታሟ ፒትስፎርድ ብትገባ ሌላ አገር ይመስልሃል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የፎቶ ፊልምና ካሜራ አምራቹ ኮዳክ ላይ ይጥላል። እውነት ነው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እዚያ 60 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ነበረው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። ግን ኮዳክ በደህናው ጊዜም ልዩነቱ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ረብሻ የተነሳው ፋብሪካው ሞቅ ባለበት ዘመን ነው፤ ጥቁሮች ሥራም ቤትም እንደልብ አያገኙም ነበር። የትምህርት ቤት ወሰኑም የከተማውን ልጅ ከዳርቻው ልጅ እስከዛሬ ይለያል።

ቤት ልትከራይ አስበህ ከሆነ፣ የከተማውን አማካይ ቁጥር ተወውና የሰፈሩን እይ።