ዛሩ ሁሉን ከቻለ ምኑ ያስቃል?

ጥያቄ፦ ለ10 ዓመት ገደማ ልጆች ቀለል ያለ ምናባዊ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኮቹ አንዲት ልጅ፣ ዛር፣ አድባርና ቡዳ ናቸው። ያነበቡልኝ ሰዎች «መጀመሪያው ያስቃል፣ መሃሉ ይሰለቻል» ይሉኛል። ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው መንፈሶቹ ያሻቸውን ማድረግ ሲችሉ ነው። ልጅቷ በተቸገረች ቁጥር ዛሩ ብቅ ብሎ ካዳናት አንባቢው የሚሰጋላት ነገር አይኖርም፤ ስጋቱ ሲጠፋ ሳቁም አብሮ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ መንፈስ የሚችለውን አንድ ነገር፣ የማይችለውን ሁለት፣ አጥብቆ የሚሻውን አንድ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። የማይችለውን ነገር ችግር ከመፍጠሩ ሁለት ምዕራፍ ያህል ቀድመው በጨዋታ መሃል ያሳዩ። በመጨረሻው ሰዓት ድንገት ከመጣ ልጆች እንደ ማጭበርበር ይቆጥሩታል።

ገደቡን ሩቅ አይፈልጉ፤ ከተረቱ ውስጥ ሞልቷል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀች፤ የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ፣ ዛሮችም እነሱ ናቸው ይባላል። ከዚህ የተሻለ የጠባይ መነሻ የት ይገኛል? መልኩን የሚያውቅ፣ ግን ማንም የማያየው፣ በሰው ልጅ ላይ የወንድም ቂም የያዘ ፍጡር ነው። ዛር ደግሞ ግብሩን ሳያገኝ ንቅንቅ አይልም፦ ቡና፣ ዕጣን፣ ሽቶ፣ ቀለሙ የተለየ ዶሮ ይላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ «ገብስማ ዶሮ ካልቀረበልን አንናገርም!» ብሎ ያኩርፍ፤ ዶሮዋ በደረጃው ታምልጥ፤ ጥበቃው ያሳድዳት። አንድ ምዕራፍ ይሞላል። እሱ እንደ ንጉሥ «እኛ» እያለ ሲያወራ ልጅቷ «አንተ» ትበለው፤ ሳቁ ከዚያ ይመጣል፣ ማብራሪያ አይጨምሩበት።

አድባሯን ከዋርካዋ አያርቋት። የምታውቀው ከሥሯ ተቀምጠው ያወሩትን ብቻ ይሁን፤ ግማሽ ወሬ ሰምታ ሙሉ ምክር ትስጥ።

ቡዳን ግን ቢያወጡት ይሻላል። በዚህ ስም ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ለዘመናት ተገልለዋል፤ ስድቡ ዛሬም የልጆቻቸው ጆሮ ይደርሳል። በምትኩ ጭራቅ ያስገቡ፤ ማንንም አይነካም። በዛሩም ቢሆን መሳቂያው የመንፈሱ ትዕቢት ይሁን እንጂ ዛር ያደረበት ሰው ሕመም አይሁን።

ጥያቄ፦ ማተሚያ ቤት ስሄድ ስንት ገጽ ልበል?

መልስ፦ ወረቀቱ ታጥፎ ስለሚሰፋ በ16 የሚካፈል ቁጥር ይያዙ፦ 96፣ 112፣ 128። 100 ገጽ ካሉ ትርፉ ባዶ ገጽ ሆኖ ይቀራል፤ ሥዕል ይሙሉበት።