አሮጌውን የካርድ ክፍል ፕሮግራም ከመጣልሽ በፊት

እህቴ፣ በመንዝ የምትሠሪበት ጤና ጣቢያ ቪዥዋል ቤዚክ 6 በተባለ የማይክሮሶፍት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈና መረጃውን አክሰስ በተባለ የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት የሚያስቀምጥ የቆየ የታካሚዎች ካርድ ፕሮግራም እንዳለው ገልጸሽ፣ «እንጣለው ወይስ ቀስ በቀስ እንጠግነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሰሜን ሸዋ በአንድ ሆስፒታል ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።

ፕሮግራሙ ይጣል። ማይክሮሶፍት ለቪዥዋል ቤዚክ 6 መሥሪያ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2008 እ.ኤ.አ. አቁሟል። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይዝም፤ በምዝገባ መሃል መብራት ሲጠፋም ሊበላሽ ይችላል። ግን አዲስ ፕሮግራም ከባዶ አትጻፉ። እንደ ኦፕንኤምአርኤስና በእሱ ላይ እንደተገነባው ባህምኒ ያሉ ነጻ የሕክምና መዝገብ ሥርዓቶች አሉ። ከመወሰናችሁ በፊት የዞን ጤና መምሪያውን ጠይቁ። የሚያደክመው መረጃውን ማሻገር ነው።

እኛን መጀመሪያ የያዘን ፊደል ነው። ስሞቹ የተጻፉት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት ቁጥር) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ነበር። እንዲህ ያለው ፎንት የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ታካሚው ሁሉ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። አንዳንዱ ፊደል በሁለት ምልክት ስለሚሠራ፣ ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሩ ጥንዶቹን አስቀድሙ። ከዚያ በኋላም «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ወ/ሚካኤል» እና «ወልደ ሚካኤል» ለኮምፒውተር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የተጻፈውን ስም አትንኩ፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ የመፈለጊያ ዓምድ ጨምሩ። ሁለት ካርድ የአንድ ሰው መሆኑን ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይሆን ሰው ይወስን። በአንድ ቀበሌ ሁለት አልማዝ ኃይሉ ቢኖሩና ፕሮግራሙ ቢያዋህዳቸው የአንዷ የመድኃኒት አለርጂ በሌላዋ ካርድ ላይ ይጻፋል።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ኮከቧ ናት። በብዙ ስሞች መጨረሻ ላይ ኮከብ ምልክት አየሁና ቆሻሻ መስሎኝ በአንድ ትእዛዝ አጠፋኋት። በሳምንቱ የካርድ ክፍሏ እትዬ «ኮከቦቼን ምን አደረግሃቸው?» አለችኝ። ለካ ኮከብ ማለት የታካሚው የወረቀት ፋይል በመደርደሪያው ላይ ሳይሆን በቲቢ ክፍል ይገኛል ማለት ነው። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ ከአሥር ዓመት በላይ በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ከመጠባበቂያ ቅጂው መለስኩት፤ መጠባበቂያ ባይኖር ምን እንደምላት አላውቅም። አንቺ ግን ኮድ ከመክፈትሽ በፊት ካርድ ክፍል ገብተሽ ሁለት ሳምንት ተቀመጪ። እያንዳንዱን ሣጥን እያሳየሽ «እዚህ ምን ትጽፋላችሁ?» በያቸው። በስልክ ሣጥን ውስጥ የጎረቤት ስም ብታገኚ አትደነቂ።

ዕድሜም አለ። የድሮው ፕሮግራም ቁጥሩን ብቻ ይዞ ስለነበር፣ በ5 ዓመቱ ካርድ ያወጣ ልጅ ዛሬም 5 ዓመቱ ነው። አዲሱ የልደት ቀን ስለሚጠይቅ፣ ካርድ ከወጣበት ዓመት ላይ ዕድሜውን ቀንሼ ሁሉንም መስከረም 1 አስወለድኳቸው። የሕፃናት ክፍል ነርስ «ይህ ሁሉ ልጅ በእንቁጣጣሽ ነው የተወለደው?» ብላ ሳቀች፤ ነገሩ ግን አያስቅም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለሚከተብ ሕፃን የወራት ስህተት ብዙ ነው። የተገመተውን «ግምት» የሚል ምልክት አድርጉበት። ጳጉሜንንም ፈትኑ፤ የእኛው 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ቀኖቹን ባዶ አድርጓቸዋል።

አዲሱን የጀመርነው በገበያ ቀን ነበር፤ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከገጠር የመጣ ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ ጉዞ ስለሚጨርስ፣ እስከ ረፋድ ሰልፉ ከግቢው ወጣ፤ እትዬም ኮምፒውተሩን ትታ ወረቀት አወጣች። እናንተ በአንድ ክፍል፣ ሰው በማይበዛበት ቀን ጀምሩ። አሮጌውን ለንባብ ብቻ አቆዩት እንጂ በሁለቱም መመዝገብን ከአንድ ወር አታሳልፉ፤ ሠራተኛው ይሰለችና በሁለቱም ላይ የተሳሳተ ይገባል።

ስሞቹ የተጻፉበትን ፎንት ስም እዚሁ ጻፊልኝ። ከእኛው ጋር አንድ ከሆነ የመቀየሪያ ሠንጠረዡን እልክልሻለሁ።