ከግራፊክ ዲዛይን ወደ ዩኤክስ ለመዞር ላሰብሽው እህቴ

«ሰባት ዓመት ግራፊክ ዲዛይን ሠርቻለሁ፤ ወደ ዩኤክስ ልዙር ብል እንደ አዲስ ከዜሮ ልጀምር ነው ወይ? መጀመሪያስ ምን ልማር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የመጽሔት ገጽ ሳቀናብርና ፖስተር ስሠራ ኖሬ ነው ወደ ዩኤክስ፣ ማለትም አፕና ድረ ገጽ ለሚጠቀምበት ሰው እንዲመች አድርጎ ወደ መንደፍ ሥራ፣ የዞርኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከዜሮ አትጀምሪም። የፊደል መጠን፣ ክፍተት፣ ቀለም፣ ዓይን መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ፣ ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትገቢው። ፊግማን፣ የአፕ ገጾች የሚነደፉበትን ሶፍትዌር፣ በጥቂት ሳምንታት ትለምጂዋለሽ፤ ስለ እሱ አትጨነቂ።

የሚከብደው ሌላ ነው። እስካሁን ሥራሽ ሲያምርና ደንበኛው ሲወደው አለቀ። ዩኤክስ ላይ ግን ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ ጨርሶ ካልወጣ ሥራሽ ገና ነው። ይህን ሲነግሩኝ የገባኝ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ የገባኝ ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሲቸገር ሳይ ነው።

የመጀመሪያ የልምምድ ሥራዬ የቀጠሮ ማስያዣ አፕ ነበር። «ቀጥል» የሚለውን ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ በፈዛዛ ግራጫ አስቀመጥኩት። ለእኔ ዓይን የረጋና የጠራ ገጽ ነበር። ስልኩን ለአንዲት ጎረቤታችን ሰጠኋቸውና «እስቲ ለሐሙስ ቀጠሮ ይያዙ» አልኳቸው። ሐሙስን ነኩ። ከዚያ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ገጹን ወደ ላይ ገፉት፣ ወደ ታች ሳቡት፣ ሐሙስን ደግመው ነኩት። «እዚህ ጋ እኮ ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በመጨረሻ «ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ስልክ ብዙም አልችልም» ብለው መለሱልኝ። አንጀቴን በሉት። ያጠፋሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው።

ማታ ንፅፅሩን፣ ማለትም ጽሑፉና መደቡ በድምቀት ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ስለካው 2 ለ 1 አካባቢ ነበር። ደብሊው ሲ ኤ ጂ የሚባለው የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። ጽሑፉን አጠቆርኩት፣ ቁልፍ መሆኑ እንዲታይ መደብ ሰጠሁት፣ ጣት እንዳይስተውም ከፍታውን 48 ዲፒ (የስልክ ስክሪን ላይ መጠን መለኪያ ነው) አደረግሁት። ሌላ ሰው ስጠይቅ ሳያመነታ አለፈ።

ስለዚህ ለኮርስ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። የምታውቂውን አንድ አፕ ውሰጂና ሙሉውን ሳይሆን አንድ ጉዳይ ብቻ እንደገና ንደፊ። በወረቀትም ይሆናል። ከዚያ አምስት ሰው ፈልጊ። የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አምስት ሰው አብዛኛውን ችግር ያወጣል፤ ቁም ነገሩ አስተካክሎ እንደገና መሞከሩ ላይ ነው። የሚሠሩትን ጉዳይ ስጫቸው፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ለምኛቸው፣ ከዚያ ዝም በይ። «ወደዳችሁት?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ «ቆንጆ ነው» ይሉሻል፣ አንቺም ምንም ሳታውቂ ትመለሻለሽ።

ፖርትፎሊዮ ላይ እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሚ። አሥራ አራት የሚያምሩ ገጾች ደርድሬ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። አንዷ ጠያቂ አንዱን ገጽ እያሳየችኝ «ይህ ለምን እዚህ ሆነ?» አለችኝ። ስለሚያምር ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ቀጥሎ ሁለት ሥራ ብቻ ይዤ ሄድኩ። በአንዱ ውስጥ ያ ግራጫ «ቀጥል» ከነስህተቱ ነበር፦ ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደቀየርኩ። ከቃለ መጠይቁ ግማሹ በእሱ ላይ አለቀ፤ ሥራውንም አገኘሁ።

ደመወዝ መጀመሪያ ላይ ሊቀንስብሽ ይችላል። ሰባት ዓመት ሠርቶ ጀማሪ መባልም ይከብዳል፤ እኔን ከብዶኛል። ስለዚህ ሥራሽን ቶሎ አትልቀቂ። እኔ አንድ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ሠርቻለሁ።

አምስቱን ሰዎች ካየሽ በኋላ የያዝሽውን ማስታወሻ እዚሁ ለጥፊልን። ዲዛይኑ ባያልቅም ግድ የለም፤ የት ጋ ጣታቸው እንደቆመ ብቻ ጻፊ፣ አብረን እናየዋለን።